ሩቁን ጮክ ብለን፣ ቅርቡን ዝቅ አድርገን

ደብረ ብርሃን ላይ ሰው ዜና ሲያወራ ድምፁን ብቻ ሰምታችሁ ነገሩ የት እንደሆነ መገመት ትችላላችሁ። ስለ ዩክሬን ከሆነ ከአስፋልቱ ማዶ ይሰማል። ስለ አሜሪካ ምርጫ ከሆነ አላፊ አግዳሚው ሳይቀር ይገባበታል። አዲስ አበባ ሲደርስ ትንሽ ይቀንሳል። ስለ ጣርማበር፣ ስለ መንዝ፣ ስለ አንኮበር መንገድ ሲሆን ግን ወንበር ይጠጋል። ግራና ቀኝ ይታያል። ከዚያ «ሰማህ ወይ?» ይመጣል።

ነገሩን ድሮም አየው ነበር። ቁልጭ ብሎ የታየኝ ግን ቅዳሜ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ነው። ያ ቀን ፖለቲካው፣ ጦርነቱ፣ ኪነ ጥበቡ፣ ሩጫው፣ ኳሱ፣ ወንጀሉ ሁሉ ተጠራርቶ የመጣበት ቀን ነበር። ደብተሬ ላይ ስለጻፍኩት አልተረሳኝም። በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተዘጋ ወዲህ የሰማሁትን በደብተር መያዝ ለምጄ ነበር። ስልኬማ መደወያና የእጅ ባትሪ ከሆነ ቆይቶ ነበር። ዲሽና ሬድዮ እንደገና የነገሡበት ጊዜ ነበር። የአያቴ ዓይነት ሬድዮ ይዞ የሚዞር ጎረምሳ ያየሁትም ያኔ ነው።

ፍልሰታ ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር። ደብረ ብርሃንን በክረምት ለማያውቅ ሰው፦ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነን። ጠዋት ጉሙ የበሬሳን ወንዝ ተሻግሮ አስፋልቱ ላይ ይተኛል። ሰው ጃኬት ላይ ጋቢ ይደርባል፣ ጋቢው ላይ ደግሞ ላስቲክ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። ነሐሴ ላይ እንዳልነበር እርግጠኛ ነኝ።

የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች ማራቶን በእኛ 3 ሰዓት ላይ ጀመረ። ብዙ ጊዜ የምቀመጥበትን ሻይ ቤት ያስቀደሱ ሰዎች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገብተው ሞልተውታል። ቅዳሜ ስለሆነ ከጠዋቱ ቅዳሴ በኋላ መቅመስ ይቻላል። ወተት ግን የለም። አንድ እንግዳ «ማኪያቶ አለ?» ብሎ ጠየቀ። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ቀና ብለው አዩትና «አለ ልጄ፤ ነሐሴ 16 ና» አሉት። ሻይ በዳቦ ቀረበለት።

ታምራት ቶላ ለፓሪስ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የገባው። ይህ ነገር ሻይ ቤቱን ልቡን ነካው። ከጎኔ የተቀመጠው የመስመር ሾፌር «አየህ፣ ዋናው ሲበላሽ ነው የኛ ቢጤ የሚፈለገው» አለና ሳቀ። ውድድሩ ዳገት የበዛበት ነው። ከፓሪስ ከተማ አዳራሽ ተነስቶ እስከ ቬርሳይ ሄዶ ይመለሳል። ዳገት ሲባል የሸዋ ሰው ዝም አይልም። «ይቺ ዳገት ናት? ጣርማበርን አላዩ!» ያለው ሰው አንድ ብቻ አልነበረም።

ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ አሉን። የሩጫው መንገድ ለምን በዚያ በኩል እንደተቀየሰ የነገሩን እሳቸው ናቸው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1789 የፓሪስ ሴቶች ዳቦ ጠፋብን፣ ተወደደብን ብለው በዝናብ ከፓሪስ እስከ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት በእግራቸው ሄዱ። በማግስቱ ንጉሡን ሉዊ 16ኛን ከነቤተሰቡ ይዘውት ተመለሱ። የማራቶኑ መንገድ የዚያ ጉዞ መታሰቢያ ነው። ጋሼ ይህን ሲተርኩ ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ያሉ ነበር የሚመስለው። ወንበር የለቀቀ ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ።

አንድ ወጣት «እና ዳቦው ስንት ገብቶባቸው ነው?» አለ። ሳቅ ሆነ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። የያዟትን ዳቦ መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። ዋጋዋ እዚያው ነው፤ እሷ ግን አንሳለች። ከዚያ ቆርሰው ሻዩ ውስጥ ነከሯት። አየናቸው። ማንም ምንም አላለም።

ሐምሌ 22 ብር ለገበያ ተለቆ ነበር። በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ወደ 100 ብር ተጠግቶ ነበር። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚያው ቀን 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጽድቋል። ዘይት ጨመረ፣ ዋጋ ያለ አግባብ ጨመሩ የተባሉ ሱቆች ታሸጉ፣ የማዳበሪያው ነገርም ገበሬውን አስጨንቋል። ይህን ሁሉ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለ ሉዊ 16ኛ ዳቦ ግን በመላ ድምፃችን ስናወራ፣ ስለ እትዬ ዳቦ ያወራነው በዓይናችን ነው።

ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ። በፈረንጆቹ 2008 ቤጂንግ ላይ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩ ያስመዘገበውን የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ6 ሰከንድ አሻሻለው። በወንዶች ማራቶን ከገዛኸኝ አበራ ከሲድኒ 2000 በኋላ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ወርቅ ነበር። 24 ዓመት። ሻይ ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቀላል። የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ። እትዬ እልል አሉ፤ ከውጭ ሰው «ምን ሆኑ?» ብሎ እየሮጠ መጣ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ሆኖ ሲገባም ተጨበጨበለት። ይህ ደስ አለኝ። እኛ ብዙ ጊዜ ከወርቅ በታች ለሆነ ነገር አናጨበጭብም።

አበበ ቢቂላ መነሳቱ አይቀርም፤ ተነሳ። ጃቶ የተባለችው የትውልድ መንደሩ መንዲዳ አጠገብ ናት፣ ከእኛ ሩቅ አይደለችም። ዛሬ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ በኩል ናት። እኛ የአማራው ሰሜን ሸዋ ነን። ሁለቱም ዞን ሰሜን ሸዋ ስለሚባል ከውጭ የሚደውል ዘመድ ሁሌ ይደናገጣል። ሰኔ መጨረሻ ላይ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች ተይዘው ከመቶ በላይ ሰው ሲታገት፣ ዜናው «ሰሜን ሸዋ» ስላለ የእኔም ስልክ ጮኸ። «እኛ አይደለንም፣ ያኛው ነው» አልኩ። ካልኩ በኋላ ራሴን ታዘብኩት። ማራቶን ሲሆን ጃቶ የእኛ ናት። እገታ ሲሆን ያኛው ነው።

ጋዛ የመጣችው በጠዋቱ ሬድዮ ነው። በጋዛ ከተማ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት አል ታቢዒን የተባለ ትምህርት ቤት በንጋት ሶላት ላይ በአየር ተደብድቦ ከ80 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። እስራኤል ታጣቂዎች ይጠቀሙበት ነበር አለች። ቴሌቪዥኑ ከማራቶኑ በኋላ ምስሉን አሳየ። ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የተጨማደደ ፍራሽ።

ሰው ስለ ኔታንያሁ፣ ስለ አሜሪካ፣ ስለ ኢራን መከራከር ጀመረ። ጥግ ላይ አንድ ሰው ነበር። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው፤ ቻይና ካምፕ ነው የሚኖረው። በከተማዋ ዙሪያ በቻይና ካምፕና በባቄሎ ብዙ ሺህ ሰው እንዲህ ይኖራል። ቀን ቀን ጉልበት ሥራ ይሠራል፤ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ይጠጣል። ክርክሩ መሃል «ፍራሹን አያችሁት?» አለ። «ያን ፍራሽ ጠዋት ጠዋት ታጥፈዋለህ። ለሰው መንገድ እንዳይዘጋ።» ሌላ አልጨመረም። ተከራካሪዎቹ ለአፍታ ዝም ካሉ በኋላ ወደ ኔታንያሁ ተመለሱ። ኔታንያሁ ይቀላል።

የቀኑ ትልቁ ክርክር ግን ኩርስክ ነበር። የዩክሬን ጦር ሐምሌ 30፣ በእነሱ ነሐሴ 6፣ ድንበር ጥሶ ሩሲያ ምድር ገብቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የውጭ ጦር እንዲህ ሩሲያ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ሩሲያ ደግሞ በኩርስክ፣ በቤልጎሮድና በብርያንስክ የፀረ ሽብር ዘመቻ አውጃለች። ሻምበል የምንላቸው የደርግ ጊዜ መኮንን አሉ። ሰሜን ግንባር የቆዩ ናቸው። ዕድሜያቸው ቢገፋም ጦርነት ሲነሳ ወገባቸው ይቃናል።

ጠረጴዛው ላይ ስኒ፣ ስኳር ማስቀመጫና የክብሪት ቀፎ ደረደሩ። ስኳሩ ኩርስክ ነው። «ትንሽ ጦር ትልቅ ምድር የሚገባው የት ነው?» አሉ። «ባልተጠበቀበት። መግባት ቀላል ነው። ገበሬው ምን ይበላል፣ መንገዱን ማን ይይዛል፣ ክረምቱ እንዴት ያልፋል፣ ጥያቄው እሱ ነው።» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን የማየው እጃቸውን ነበር። «ሩሲያ» ባሉ ቁጥር እጃቸው በመስኮቱ በኩል ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ወደ ደብረ ሲና። «መንገዱን የያዘ ሌሊት አይይዘውም» ሲሉ የትኛው መንገድ ብሎ የጠየቀ የለም። «ገበሬው በሁለት በኩል ነው የሚጠየቀው» ሲሉም የኩርስክ ገበሬ ነው አይደለም ያለ የለም።

ይህን ሰምና ወርቅ ነው ብዬ ማሳመር አልፈልግም። ሰምና ወርቅ ብልሃት ነው፣ ጨዋታ ነው። ይህ ፍርሃት ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ደጃችን ላይ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ተራዘመ፣ ግንቦት 2016 መጨረሻ ላይ ጊዜው አበቃ። አዋጁ ቢያበቃም ልማዱ አላበቃም። ሻይ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። የሰማህን ለማን እንደምትናገር ስለማታውቅ ስለ ኩርስክ ትናገራለህ። ሻምበልም ስለ ኩርስክ ተናገሩ። እኛም ስለ ኩርስክ ሰማን። ሁላችንም ገባን።

ዜና አንባቢዎች ነገሩን በዘርፍ በዘርፍ ይሰጡናል፤ ፖለቲካ፣ ከዚያ ጦርነት፣ ከዚያ ኢኮኖሚ፣ ከዚያ ስፖርት። እኛ ጋ ሲደርስ ዘርፉ አይሠራም። ሚያዝያ 19 ቀን 2015 የአማራ ክልል ብልጽግና ፓርቲ ኃላፊ አቶ ግርማ የሺጥላ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመጡ መንዝ ውስጥ መንገድ ላይ ተገደሉ። ይህን ዜና ከየትኛው ዘርፍ ትከቱታላችሁ? ፖለቲካም ነው፣ ወንጀልም ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነትም አለበት። ለእኛ ደግሞ በጉ፣ ባናው፣ ሰርገኛው የሚመጣበት መንገድ ነው። የመንዝ በግ ዋጋ ሲንር ምክንያቱን በኢኮኖሚ ዜና ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑ ወደ ለንደን ሄደ። ባንክሲ የሚባለው፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሠዓሊ፣ በዚያ ሳምንት በየቀኑ አንድ ግድግዳ ላይ እንስሳ እየሣለ ነበር። ሰኞ ፍየል፣ ማክሰኞ ዝሆኖች፣ ረቡዕ ዝንጀሮዎች። ሐሙስ ፔካም በሚባል ሰፈር ዲሽ ላይ የሚያላዝን ተኩላ ሣለ። ሰዓት ሳይሞላ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጥተው ዲሹን ፈትተው ይዘውት ሄዱ። ቅዳሜ ራሱ ያረጀ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ድመት ሣለ። እሷንም ሠራተኞች በሰዓታት ውስጥ ነቀሏት።

ቤቱን ያነቃቃው ተኩላው ሳይሆን ዲሹ ነው። የእኛ ሰፈር የዲሽ ሠራተኛ እዚያው ነበር። «ስንት ያወጣል?» ተባለ። ምስሉን በጥንቃቄ አየ። «ዲሹ አሮጌ ነው» አለ። «ኤልኤንቢውን አላየሁትም፤ እሱ ካለ ይሻላል። የተፈታበትን ብሎን ግን አየሁት። ልምድ አላቸው።» ተሳቀ። እኔ ደግሞ ጓሳ ትዝ አለኝ። መንዝ ውስጥ ያ ሜዳ ከነቀይ ቀበሮው፣ ከነጭላዳው እስካሁን የቆየው ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ስለኖረ ነው። ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ ይወሰናል። ይህን የሚያህል ነገር ደጃችን እያለ በዜና ስንቴ ሰማነው?

የኪነ ጥበብ ዜና እኛ ጋ የሚደርሰው ነገሩ ሲሰረቅ፣ ሲቃጠል ወይም ባለቤቱ ሲሞት ነው። በዓለም ስመ ጥር የሆነው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ልጅ ነው፤ በ1925 እዚያ ተወለደ። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የእጁ ሥራ ነው። ስለ እሱ በብዛት የተወራው በ2004 ያረፈ ጊዜ ነው። አሁን አንኮበር ሲባል ሁሉም የሚጠይቀው መኪና ይገባል ወይ ብሎ ነው። በዚህ አልፈርድም። እኔም ቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው።

ቪየናም ነበረች። ቴይለር ስዊፍት ልትዘፍንባቸው የነበሩ ሦስት ምሽቶች በከሸፈ የሽብር ሴራ ተሰርዘዋል። ሦስተኛው ምሽት ያ ቅዳሜ ነበር። ልጃገረዶቹ መንገድ ላይ ወጥተው ራሳቸው ይዘፍናሉ፤ አምባር ይለዋወጣሉ። ከቤቱ ዘፋኟን የምታውቃት አስተናጋጇ ብቻ ነበረች። «ብራቸው ይመለስላቸዋል?» አለች። ይመለስላቸዋል። «እንግዲያው ምን አለበት» አለችና ስኒውን አነሳች። ብራዚል አውሮፕላን ወድቆ 62 ሰዎች ሞተዋል። ካምፓላ የቆሻሻ ክምር በዝናብ ተንዶ ቤቶችን ውጧል። ይሄኛው ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ። ቆሼን ያላስታወሰ የለም። መጋቢት 2009 ከ110 በላይ ሰው ነበር የሞተብን።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ሳውዝፖርት በምትባል ከተማ ሦስት ሕፃናት ልጃገረዶች በስለት ተገድለው ነበር። ገዳዩ በጀልባ የመጣ ስደተኛ ነው የሚል ሐሰተኛ ወሬ በኢንተርኔት ተነዛ። ልጁ እዚያው ብሪታንያ፣ ካርዲፍ የተወለደ ነው። ወሬው ግን ከእውነቱ ቀድሞ ስደተኞች ያሉባቸው ሆቴሎች ደጃፍ ደረሰ። አንዱ ደንበኛ «ይኸው! ኢንተርኔት ይዘጋ ማለት ለዚህ ነው» አለ። አልተዋጠልኝም። እኛ ጋ ኢንተርኔቱ ተዘግቶ ወሬው መቼ ቆመ? እንዲያውም የሚያስተባብለው ጠፋ። ከደብረ ሲና የመጣ አንድ ወሬ ደብረ ብርሃን እስኪገባ አራት ጊዜ ይወልዳል። በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ደብረ ሲና ደጃፍ በደረሰ ጊዜ አይተነዋል። ግማሹን ሰው ከከተማ ያስወጣው የመድፍ ድምፅ ሳይሆን «ገቡ አሉ» የሚለው ነበር።

11 ሰዓት ላይ ማንቸስተር ሲቲና ዩናይትድ ለኮሚዩኒቲ ሺልድ ገቡ። ነጠላው ቀንሶ ማሊያው በዛ። ጋርናቾ 82ኛው ደቂቃ ላይ አገባ። በርናርዶ ሲልቫ 89ኛው ላይ አቻ አደረገ። ቀጥታ ፔናሊት። በዚህች መሃል ነው አስተናጋጇ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው።

እናቷ ሸዋ ሮቢት ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ መቼ እንዳየቻቸው ግን ማንም አይጠይቃትም። «ጠዋት ጀምሮ ዜና ስታዩ ዋላችሁ» አለች፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «ፓሪስ ታየ፣ ለንደን ታየ፣ ሩሲያ ታየ። ወደ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ክፍት ነው አይደለም? ይህን የሚናገር ዜና የለም?»

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዳንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። አንዱ ስልኩን አወጣ፤ ምን ሊያይበት እንደሆነ እንጃ። ሻምበል የክብሪት ቀፏቸውን ይነካካሉ። እትዬ «ተይ አንቺ ልጅ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ተዉት።

የመለሰላት ሾፌሩ ነው። እሱም ድምፁን አልቀነሰም። «ትናንት ክፍት ነበር» አለ። «ዛሬ እስከ ደብረ ሲና መኪና ወርዷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚመለስ መኪና ነው የሚነግርህ። ቀን ነው የሚኬደው። ታሪፉ ጨምሯል። ማታ የሚሄድ ካለ አትሳፈሪ፣ ማንም ቢሆን። ገንዘብ አትያዢ፤ ስልክሽ ላይ ያለውን ፎቶ አጥፊ፣ የማንንም ፎቶ። መታወቂያሽን ያዢ።»

የዚያን ቀን ከሰማሁት ዜና ሁሉ ይህ ነው ሙሉው። ምንጩ የታወቀ፣ ሰዓቱ የተነገረ፣ ያልታወቀው ያልታወቀ መሆኑ የተገለጸ። ጋዜጠኛ ብሆን ከእሱ ብማር ደስ ይለኝ ነበር። ከሁሉም የገረመኝ ሰማዩ አለመውደቁ ነው። ጮክ ብሎ ተወራ፤ ማንም ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው «የአንኮበሩስ?» አለ፤ በመደበኛ ድምፅ። ሾፌሩ የሚያውቀውን ነገረው። ሌላው ደግሞ ስለ መሐል ሜዳ ጠየቀ። ለጥቂት ደቂቃ ሻይ ቤቱ የመናኸሪያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነ። ከዚያ አካንጂ የመጨረሻዋን ፔናሊት አገባ፤ ሲቲ 7 ለ 6 አሸነፈ። የዩናይትድ ደጋፊዎች ሳንቾንና ኤቫንስን መርገም ጀመሩ። ነገሩም በዚያው ተበተነ። ድምፁም ወደ ቦታው ተመለሰ።

እሷ የተናገረችው ደፋር ስለሆነች ነው ወይስ ሌላ የምትጠይቀው ስላልነበራት? ሁለተኛው ይመስለኛል። እኛ ሌሎቻችን ኩርስክ ነበረን፣ ሲቲ ነበረን። እሷ እናቷን ብቻ ነበራት።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ዶይቼ ቬለን ሰማሁ፤ ከዚያ የ2 ሰዓቱን ዜና። ስለ ታምራት ብዙ ተወራ፣ ይገባዋልም። ቱርክ በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በምታደርገው ሽምግልና ሁለተኛው ዙር ንግግር በሚቀጥለው ሰኞ አንካራ ላይ ይደረጋል ተባለ። የባሕር በር ጉዳይ ነው። ስለ መንገዱ አልሰማሁም። 3 ሰዓት ላይ 5 ሺህ ሜትር ወንዶች ሮጡ፤ የኖርዌዩ ኢንገብሪግትሰን ወሰደው፣ ሐጎስ ገብረሕይወት አምስተኛ ሆነ። በ1,500 ሴቶች ጉዳፍ ፀጋይ መጀመሪያ ላይ ይዛው ሮጠችና መጨረሻ ላይ አለቀባት፤ ድርቤ ወልተጂ አራተኛ ወጣች። ኬንያዊቷ ኪፕዬጎን አሸነፈች። ቤቴ ስለነበርኩ የተናደድኩት ብቻዬን ነው።

እሑድ ጠዋት የሴቶቹ ማራቶን ነበር። ትዕግሥት አሰፋና ሲፋን ሐሰን መጨረሻው ላይ ክርን ለክርን ተጋጩ። ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመች። የኢትዮጵያ ቡድን አቤቱታ አቀረበ፤ ውድቅ ሆነ። ሻይ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ጥፋት ነው አለ፣ ግማሹ መታጠፊያው ለሲፋን ነበር አለ። ከዚያ ደግሞ ሲፋን የማን ናት የሚለው መጣ። አዳማ ተወልዳ፣ በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ ገብታ ያደገች ልጅ ናት። ጋሼ «የሮጠችው ለሆላንድ ነው» አሉ። የቻይና ካምፑ ሰውዬ «የወጣችው ግን ከእኛ ነው» አለ፤ ጮክ ብሎ።

ክርክሩ እስከ ቡሄ ድረስ ቀጠለ። ያን እሑድ ሻይ የቀዱልን እትዬ ራሳቸው ናቸው። አስተናጋጇ ከሾፌሩ ጋር በጠዋት ወጥታለች። «ሐሙስ እመለሳለሁ ብላለች፤ መንገዱ ከፈቀደ» አሉን። ድምፃቸውን አልቀነሱም፤ ቤቱ በጩኸት ስለተሞላ እንዲሰማ ብለውም ሊሆን ይችላል።